ያልተፈጸመ ወንጀልና የዳኛ ወሰን

ሰው በልቡ የሚመክረውን ክፉ አሳብ የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው፤ ከሰውም ወገን ሊሰማው የሚገባው የንስሐ አባት ነው። በወንጌል ትምህርት ክፉ ምኞት ራሱ ከኃጢአት ይቈጠራልና ካህኑ ገና ስላልተሠራው ሥራ ሳይቀር ይገሥጻል፤ ቀኖናም ይሰጥበታል። የዳኛው ሥልጣን ግን ይህን ያህል ሰፊ አይደለም። ዳኛ የሚፈርደው በሥራ ላይ ነው። እንግዲህ ሥራው ተጀምሮ ሳይፈጸም የቀረ እንደ ሆነ ምን ይፈረዳል? አንዳንዱ «ሰው አልሞተ፥ ደም አልፈሰሰ» ብሎ በዳዩን ለመልቀቅ ይቸኩላል፤ ሌላውም ወሬ ሰምቶ ገና ያሰበውን እንደ ገዳይ ቈጥሮ ለማሰር ይቸኩላል። ሁለቱም ከሕጉ የራቁ ናቸው።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ በእርሱም ፈንታ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ወሰኑን በግልጥ አስቀምጠውታል። በአንቀጽ 26 መሰናዳት ብቻውን አያስቀጣም፤ የተሰናዳበት ሥራ ራሱን ችሎ ወንጀል ከሆነ ግን፥ ለምሳሌ ሐሰተኛ ገንዘብ ለማተም መሣሪያ ማበጀት፥ ያስቀጣል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ሥራው በቀጥታ ወደ ወንጀሉ መፈጸም ያነጣጠረ በሆነ ጊዜ ወንጀሉ ተጀምሮአል ይባላል።

ይህ ቃል በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ያለው በሥራው ላይ ነው። በእርሻ ወሰን ከጎረቤቱ የተጣላ ሰው፥ ጎረቤቱ በየትኛው ሰዓት ከገበያ እንደሚመለስ ቢጠይቅ ተሰናድቶአል እንጂ አልጀመረም። በወንዙ መሻገሪያ አድፍጦ፥ ጎረቤቱ ሲደርስ አነጣጥሮ ቃታ ቢስብ፥ ጥይቱም ቢከሽፍ፥ ያለ ጥርጥር ጀምሮአል፤ የጥይቱ መክሸፍ የእርሱ ደግነት አይደለምና። በሁለቱ መካከል ያለው፥ ይኸውም በቁጥቋጦው ውስጥ ተደብቆ የሚጠብቅበት ሰዓት፥ እጅግ መርምሮ መፍረድ የሚያስፈልግበት ነው። ለሙከራም ቅጣቱ በመሠረቱ ለታሰበው ወንጀል የተወሰነው ነው፤ ዳኛው እንደ ሁኔታው ሊያቀልለው ይችላል።

ሕጉ በአንቀጽ 29 አንድ ብልኅነት ጨምሮአል። ፈጽሞ ጉዳት ሊያደርስ በማይችል ነገር፥ በባዕድ አምልኮ ወይም በየዋህነት ተመርቶ፥ ለምሳሌ ድግምት በማስደገም ጠላቱን ሊገድል የሞከረ ሰው ስለዚህ ሙከራው አይቀጣም። (ድግምቱን ሸጦ ገንዘብ የተቀበለው ግን በማታለል ሊጠየቅ ይችላል።)

ሌላውን በገንዘብ፥ በተስፋ ወይም በማስፈራራት ወደ ወንጀል ያነሣሣም በአንቀጽ 36 ይጠየቃል፤ ነገር ግን ወንጀሉ ቢያንስ የተሞከረ እንደ ሆነ ነው። ተነሣሹ እምቢ ብሎ ከቤቱ ቢቀር፥ ሕግ በተለይ ካልደነገገ በቀር፥ አነሣሹን ለመቅጣት አይቻልም። ይህ ለብዙ ሰው የሚከብድ ነው፤ ሆኖም በክፉ ቃል ብቻ ሰው ሁሉ ቢታሰር ወኅኒ ቤቱ አይበቃም፥ ሐሰተኛ ምስክርም ይበዛል።

ከዚህ ወሰን የወጣ ሕግ ነበረ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ማቀድን፥ መሰናዳትን፥ ማነሣሣትንና መሞከርን ከተፈጸመው ሥራ ጋር በአንድ ቅጣት አስተካክሎ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተሽሮአል። የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሕግ አስቀድሞ እንዲደርስ መፈለጉ ያስገድዳል። ነገር ግን ያሰበውና የፈጸመው በአንድ ሚዛን የተመዘኑ እንደ ሆነ፥ በመንገድ ላይ ያለው ሰው የሚመለስበት ምክንያት ይጠፋል።

የወንጀል ሕጉ ግን ለሚመለሰው በር ከፍቶለታል። የጀመረውን በገዛ ፈቃዱ የተወ ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት፥ አሳቡም የቀና ሆኖ ከተገኘ ከቅጣት ነጻ ሊሆን እንዲችል በአንቀጽ 28 ተደንግጎአል። ስለዚህ መርማሪው መዝገቡን ሲያደራጅ «ሳይፈጽም ቀረ» ብሎ ማለፍ አይበቃውም፤ ሰውዬው ከመሻገሪያው የተመለሰው ጸጽቶት ወይም ሽማግሌ መክሮት እንደ ሆነ፥ ወይስ መንገደኛ ስላየው እንደ ሆነ ጠይቆና ምስክር ሰምቶ ሊጽፍ ይገባዋል።