ስለ ፖርቱጋል ቋንቋና ድርሰት ትምህርት

የአንድ ሕዝብ ቋንቋ የዕውቀቱ ግምጃ ቤት ነው። ሰዋስው ቁልፉ ሲሆን ሀብቱ ግን በድርሰቱ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የባዕድ አገርን ቋንቋ የሚማር ሰው ቁልፉን ብቻ ይዞ ከደጃፉ ቢቆም ድካሙ ፍሬ አያፈራለትም።

የፖርቱጋል ቋንቋ በብራዚል፣ በአንጎላ፣ በሞዛምቢክና በሌሎችም አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ከመሆኑ በላይ በአፍሪካ ኅብረትም ይሠራበታል። ንጉሥ ዲኒስ በ1290 ዓ.ም. በኤውሮጳ አቈጣጠር በሊዝቦን የመሠረተው፣ በ1537 ዓ.ም. ወደ ኮይምብራ ተዛውሮ በዚያው የጸናው ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ቋንቋ ለውጭ አገር ተማሪዎች ለይቶ ያስተምራል።

ይሁን እንጂ አንዳንድ መምህራን የውጭ አገር ተማሪ አስቀድሞ መነጋገርን ይልመድ፣ ድርሰት ኋላ ይደርሳል ይላሉ። ይህ አሳብ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ካሞይስ በ1572 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦስ ሉዚያዳስ» የተባለው ታላቅ ግጥም ቃሉ የጥንት፣ ምሳሌውም ከግሪክና ከሮማ ተረት የተቀዳ ስለ ሆነ፣ ለጀማሪ ቢሰጡት ፊደል ያልቈጠረን ሕፃን ቅኔ ቤት እንደ ማስገባት ይሆናል።

ነገር ግን ከባዱ ድርሰት ይቈይ ማለት ድርሰት ሁሉ ይቈይ ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ ቅኔ ቤት ተማሪው ግሥ እያወረደ ሳለ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ በየደረጃው ይወጣል፤ ሰዋስውና ቅኔ አብረው ያድጋሉ። እንዲሁም ለፖርቱጋልኛ ተማሪ ብራዚላዊው ማሻዶ ደ አሲስ ከጻፋቸው አጫጭር ታሪኮች ቀላል ቀላሉን መርጦ ከመጀመሪያው ዓመት ማቅረብ ይቻላል። ለምሳሌ ቋንቋው ገና ላልሆነ ነገር የሚጠቀምበት ልዩ የግሥ እርባታ አለው፤ ይህን ከሰንጠረዥ ብቻ ያጠና ሰው ፈጥኖ ይረሳዋል፣ በታሪክ ውስጥ ያገኘው ግን ከነስሜቱ ይይዘዋል።

ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይጠልቃል። ከ1520 እስከ 1526 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቈየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን የጻፈበት መጽሐፍ በ1540 ዓ.ም. በሊዝቦን ታትሟል። በ1542 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሞተው ክሪስቶፎር ዳ ጋማ በካሞይስ ግጥም በዐሥረኛው ክፍል ይነሣል። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝም የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፈው በፖርቱጋልኛ ነው። የኢየሱሳውያን ጽሑፍ የሃይማኖት ክርክር ያለበት ስለ ሆነ፣ እውነቱን ከወገናዊነቱ ለይቶ የሚመዝን አንባቢ ያሻዋል። ለገበያና ለመንገድ የሚበቃ ቋንቋ ብቻ የተማረ ሰው ግን ይህን ሊመዝን አይችልም፤ ሌላው ተርጕሞ የሰጠውን ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ አገር ተማሪዎች ሰዋስውንና ድርሰትን ከመጀመሪያው ዓመት አጣምረው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እየመሩ ሊያስተምሩ ይገባል። ተማሪ ወደዚያ የሚልክ መሥሪያ ቤትም ልጁ ተናግሮ መግባባቱን ብቻ ሳይሆን፣ የቀድሞውን መጽሐፍ አንብቦ መመርመር መቻሉን ይጠይቅ።