«ስንት ተከታይ ታመጣለህ?»

ባለፈው ዓመት አንድ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ለሶሻል ሚዲያ ማናጀርነት ቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ከተመረቅኩ ጀምሮ ሥራ ፍለጋ ከአንዱ የቴሌግራም ቻናል ወደ ሌላው ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ደግሞ ቻናሉን ራሴ ልይዘው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ሲቪዬን ገለጥ ገለጥ አደረጉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «በሦስት ወር ስንት ተከታይ ታመጣለህ?»

«ሃያ ሺህ» አልኩ። ቁጥሩን ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ።

ተከታይ በምን እንደሚመጣ ለማወቅ ብዙም አልፈጀብኝም። «በዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ፖስት ይሮጣል። ደመወዝ «በስምምነት»፣ ቀጣሪ «ታዋቂ ድርጅት»፣ ብዛት «በርካታ» ይባላል። ቦታው ሲሞላ ፖስቱን ዝም ብሎ መተው ነው። ቀኑ ያለፈበትን ደግሞ ትንሽ ነካክቶ እንደገና መልቀቅ ይቻላል። ቁጥሩ ወጣ። አለቃዬ ደስ አላቸው፣ እኔንም ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ወር አንዲት ልጅ ፋይሏን ታቅፋ ቢሮ መጣች። ከደብረ ብርሃን በሌሊት ተነስታ ነው የመጣችው። የአካውንታንቱን ቦታ ጠየቀች። ቦታው ከተሞላ አምስት ሳምንት ሆኖታል፤ እኔ ግን ፖስቱን ደግሜ የለቀቅኩት በዚያው ሳምንት ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ «ተሞልቷል እህቴ፣ ቻናላችንን ተከታተይ» አለቻት። ልጅቷ አልተቆጣችም። ስልኳን አውጥታ ቻናሉን አሳየቻትና «እየተከታተልኩ እኮ ነው» አለች።

ሃያ ሺህ ካልኳቸው ተከታዮች አንዷ እሷ ነበረች።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ጆርጅ አከርሎፍን አያጣውም። እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ጻፈ፤ በ2001 ለዚህ ሥራው ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ገዢው ደህናውን መኪና ከብልሹው መለየት ካቃተው ለሁሉም የሚሰጠው ዋጋ ይወርዳል፤ ያኔ ደህና መኪና ያለው ሰው ከገበያው ይወጣል። የእኛም ቻናሎች እንዲሁ ናቸው። እውነተኛውን ማስታወቂያ ከሞተው መለየት ያቃተው ሥራ ፈላጊ ሳያነብ ሁሉም ላይ ሲቪ ይልካል። ቀጣሪው የማይመጥነው የሲቪ ክምር ይደርሰውና ይሰለቻል። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ወዳጁን «የምታውቀው ሰው አለ ወይ?» ይላል። በቃ፣ ተመልሰን ዘመድ ያለው የሚቀጠርበት ቦታ ደረስን።

የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ተከራይተው ነው ክፍት የሥራ ቦታ የሚያነቡት። ቴሌግራም ሲመጣ ዘመድ የሌለው ልጅም እኩል መረጃ ያገኛል ተባለ። የሞተ ፖስት የሚለቅ ቻናል ያችን እኩልነት ነው የሚሰርቀው።

አለቃዬ «ተከታይ ከሌለን የትኛው ድርጅት ወደኛ ይመጣል?» ይሉኝ ነበር። ሐቅ አለው፤ ማንም የማያየው ቻናል ላይ ማስታወቂያ የሚያወጣ የለም። ግን ከፋዩ ማነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ ዓይነቱን ኤጀንሲ ሲተረጉም ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ የማይቀበል መሆኑን አስቀምጧል። ስለዚህ ገቢው ከቀጣሪው ነው። ቀጣሪው ደግሞ የሚገዛው ለቦታው የሚመጥኑ ሦስት አራት ሰዎችን እንጂ ሃያ ሺህ ሕዝብ አይደለም።

እንግዲህ ኤጀንሲ ያላችሁ ሰዎች፣ ሶሻል ሚዲያ ማናጀር ስትቀጥሩ የተከታዩን ጥያቄ ወደ መጨረሻ አውርዱት። መጀመሪያ ደመወዝ፣ ብዛትና የማብቂያ ቀን የሌለው ማስታወቂያ ስጡትና «ለጥፈው» በሉት። ዝም ብሎ ፖስተር መሥራት ከጀመረ አመስግናችሁ ሸኙት። «ደመወዙ ስንት ነው? እስከ መቼ ነው?» ብሎ ከጠየቀ ግን ሰው አግኝታችኋል። ዲዛይን በሁለት ወር ይለመዳል።

ከቀጠራችሁት በኋላ «ይኼን አልለጥፍም» የማለት ሥልጣን ስጡት። እኔ አልነበረኝም፤ እውነቱን ለመናገር አልጠየቅኩምም። ሥራውንም የምትመዝኑት በቻናሉ በኩል ስንት ሰው እንደተቀጠረ፣ ቦታ ሲሞላ በስንት ሰዓት ውስጥ «ተሞልቷል» ብሎ እንደጻፈ፣ ለስንት ሰው መልስ እንደሰጠ አይታችሁ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። ሲቪው፣ ዲግሪው፣ የመታወቂያው ፎቶ ሁሉ የሚላከው ለዚህ ልጅ ነው። ሦስተኛው ወር ሳያልቅ ሥራውን ስለቅ ያ ሁሉ ፋይል በገዛ ስልኬ ላይ ነበር። «አጥፍተኸዋል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ እንኳ እንዲህ ነው የምንሠራው። ለሥራው የድርጅት ስልክ ግዙ፤ ሰውየው ሲለቅ ስልኩን ከነቻናሉ ተረከቡ።

ፋይሎቹን አንድ በአንድ ሳጠፋ የደብረ ብርሃኗን ልጅ ሲቪ አገኘሁት። ስልክ ቁጥሯ ላዩ ላይ አለ። ልደውል ብዬ ተውኩት፤ ይቅርታ ከማለት በቀር የምሰጣት ሥራ አልነበረኝም። አጠፋሁት።

እናንተም አንድ ቀን ለዚህ ሥራ ቃለ መጠይቅ ብትጠሩና «ስንት ተከታይ ታመጣለህ?» ብትባሉ፣ ቁጥር ከመጥራታችሁ በፊት «ባለፈው ወር በቻናላችሁ በኩል ስንት ሰው ተቀጠረ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌላቸው፣ እናንተም ለጊዜው ሃያ ሺህ አትበሉ።