ለክፉ ቀን ቀስት የምትገዙ ወዳጆቼ፣ ፓውንዱን ቀንሱ

 

እዚህ ቨርጂኒያ በቀስት አጋዘን እንደማድን ካወቃችሁ ወዲህ ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተሞልቷል። «ቲቸር፣ ድንገት ክፉ ቀን ቢመጣ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ሱቅ ቢዘጋ፣ ለአደን የሚሆን ርካሽ ሪከርቭ ቀስት የቱን ልግዛ?» ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መልሴ አጭር ነው። ዋጋው ከ200 ዶላር በታች የሆነ፣ ክንፎቹ የሚፈቱ፣ ከ40 እስከ 45 ፓውንድ የሆነ ሪከርቭ ይበቃችኋል። የማልስማማው «ለክፉ ቀን ከሆነማ 55 ወይም 60 ፓውንድ ይሁንልኝ» ከሚለው ጋር ነው። ይህ አስተሳሰብ ገንዘብ ያባክናል፣ ትከሻ ይጎዳል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ እንስሳ አቁስሎ ጫካ ውስጥ ያስቀራል።

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ። ቀስት ስል የሚሳበውን፣ ፍላጻ ስል የሚወረወረውን ማለቴ ነው። ሪከርቭ ማለት የክንፎቹ ጫፍ ወደ ፊት ተመልሶ የታጠፈ ቀስት ነው። መንኮራኩርና ኬብል ያለው ኮምፓውንድ ይባላል። ኮምፓውንድ ፈጣን ነው፣ ስትስቡትም ጫፍ ላይ ክብደቱ በጣም ይቀልላል። ነገር ግን ጅማቱ ቢበጠስ ለመቀየር ልዩ ማሽን ይፈልጋል፤ በክፉ ቀን ደግሞ ሱቁ ዝግ ነው ብለናል። የሪከርቭ ጅማት ግን በአንዲት ርካሽ የመወጠሪያ ገመድ፣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በሁለት ደቂቃ ይቀየራል። ለዚህ ጉዳይ ሪከርቭን የመረጥኩት በዚህ ነው። ዋጋውም አለው፤ እስከ መጨረሻው ስባችሁ ስትይዙ ሙሉ ክብደቱ ያለው እናንተ ጣት ላይ ነው። 55 ፓውንድ ማለት 25 ኪሎ ነው። በሦስት ጣት 25 ኪሎ ይዞ፣ በብርድ፣ በባዶ ሆድ፣ አጋዘኑ ፊቱን እስኪያዞር መጠበቅ... እስቲ ሞክሩት።

አሁን ወደ ለመድነው ፊዚክስ እንግባ። (የኋላ ወንበር፣ ጸጥታ!)

45 ፓውንድ ቀስት 200 ኒውተን ገደማ ነው። የምትስቡት ርቀት ግማሽ ሜትር ያህል ነው። እንደ ስፕሪንግ ብናሰላው የሚያከማቸው ኃይል 50 ጁል አካባቢ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ የተወሰነው በክንፎቹና በጅማቱ ይባክንና 30 ግራም የምትመዝን ፍላጻ በሴኮንድ 50 ሜትር ገደማ ትበራለች። ይህ ወደ 37 ጁል ነው። ተራ የአጋዘን ጠመንጃ ጥይት ግን 2,500 ጁልና ከዚያ በላይ ይይዛል። ስለዚህ ፍላጻ እንስሳን በምት ኃይል አይጥልም። የሚገድለው በስለት ቆርጦ፣ ሳንባና ልብ አልፎ፣ ደም በማፍሰስ ነው። ሥራው ያለው በስለቱና በቦታው ላይ ነው።

«እሺ ቲቸር፣ ፓውንድ ሲጨምር ፍጥነት አይጨምርም?» ይጨምራል። ከ45 ወደ 55 ፓውንድ ብትወጡ፣ በዚያችው ፍላጻ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ገደማ ያድጋል። በ20 ያርድ፣ ማለትም በ18 ሜትር፣ ፍላጻዋ የምትደርስበት ጊዜ ከ0.36 ሴኮንድ ወደ 0.33 ይወርዳል። ያተረፋችሁት 3 መቶኛ ሴኮንድ ነው። የጅማቱ ድምፅ ደግሞ በ0.05 ሴኮንድ ቀድሞ አጋዘኑ ጆሮ ይደርሳል። እንስሳው ለመደንገጥና ጎንበስ ለማለት 0.3 ሴኮንድ ያህል አለው ማለት ነው። በ40 ያርድ ብትወረውሩ ግን ይህ ጊዜ ከ0.6 ሴኮንድ ይበልጣል፤ እናንተ ሳንባ ላይ ያነጣጠራችሁት ጀርባ ወይም ሆድ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ መፍትሔው መቅረብ ነው። ከ20 ያርድ በላይ ላለመወርወር የወሰነ ሰው፣ 40 ፓውንድ ይዞ፣ 60 ፓውንድ ይዞ ከሩቅ ከሚሞክረው ይሻላል።

ስለ መቅረብ ካነሳን ኢሺን ማንሳት አለብኝ። የያሂ ሕዝብ የመጨረሻው ሰው ነው፤ በ1911 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦሮቪል ከተማ አጠገብ ከተደበቀበት ወጣ። ሐኪሙ ሳክስተን ፖፕ ቀስትን ከእሱ ተምሮ ስለ አደኑ ጽፏል። ኢሺ ከአደን በፊት ባለው ቀን ዓሣ አይበላም፣ ትንባሆ አያጨስም። ጠዋት ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ሽታ ባለው ቅጠል ገላውን ያሻል፣ ምግብ ሳይቀምስ ይወጣል። ለእሱ ቀስት ማደን የዕለት እንጀራ ነበር። ዝግጅቱ ሁሉ ሽታውን ስለ መደበቅና ስለ መቅረብ እንደነበር ልብ በሉልኝ።

እንግዲህ ግዢው። በዚህ ዋጋ በጣም የታወቀው ሳሚክ ሴጅ የሚባለው ዓይነት ነው፤ 62 ኢንች፣ እጀታው እንጨት፣ ሁለቱ ክንፎች በብሎን የሚፈቱ። ሌሎች ድርጅቶችም ተመሳሳዩን ይሠራሉ፤ ከስሙ ይልቅ ክንፉ የሚፈታ መሆኑን እዩ። ጥቅሙ ይኼ ነው፤ በ30 ፓውንድ ክንፍ ትጀምራላችሁ፣ ጀርባችሁ ሲለምድ እጀታውን ሳትቀይሩ የ40 ወይም የ45 ክንፍ ብቻ ትገዛላችሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በ55 የጀመረ ሰው መሳቡን ሳይሆን መታገሉን ነው የሚለማመደው።

ክንፉ ላይ የተጻፈው ፓውንድ የሚለካው 28 ኢንች ሲሳብ ነው። ክንዳችሁ አጭር ሆኖ 26 ብቻ የምትስቡ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ኢንች ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ቀንሱ። የ45ቱ 40 አካባቢ ሆነ ማለት ነው። ይህን ከሕጉ ጋር አስተያዩት። ሚኒሶታ ለአጋዘን ቢያንስ 30 ፓውንድ ይጠይቃል። ቨርጂኒያ ፓውንድ ሳይጠቅስ፣ ቀስቱ የአደን ፍላጻን 125 ያርድ መወርወር ይችል ይላል። የየስቴታችሁን ደንብ አንብቡ፤ ፈቃድና የአዳኝነት ኮርስም አለ። «ክፉ ቀን ሲመጣ እለማመዳለሁ» የሚለው የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው።

300 ዶላር ካላችሁ፣ እኔ ለቀስቱ ከግማሽ ብዙም አላልፍም። የቀረውን ለፍላጻ፣ ለስለት፣ ለመወጠሪያ ገመድ፣ ለጣት መከላከያና ለክንድ መሸፈኛ አውሉት። ሰዎች የሚንቁት ፍላጻውን ነው። ፍላጻ ስትለቀቅ እጀታውን ለማለፍ ትተጣጠፋለች፤ ጥንካሬዋ ከቀስቱ ጋር ካልተስማማ አንገቷን እየነቀነቀች ትሄዳለች። ይህ ስፓይን ይባላል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ፍላጻዋ ለስላሳ ናት። ለ45 ፓውንድ ብዙ ጊዜ ከ500 አካባቢ ይጀመራል፤ የአምራቹን ሰንጠረዥ ተከተሉ። ክብደቷ ለእያንዳንዱ ፓውንድ 10 ግሬይን ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለ45 ፓውንድ 450 ግሬይን። ጫፉ ደግሞ የማይንቀሳቀስ፣ ሁለት ስለት ያለው፣ እንደ ምላጭ የተሳለ ይሁን። ሲመቱት የሚከፈተው ዓይነት ለመከፈት ራሱ ኃይል ይበላል፤ እኛ ደግሞ ያለን 37 ጁል ነው።

ያገለገለ ቀስት መግዛት አይከፋም። ክንፉን በብርሃን አዩት፤ ስንጥቅ ካለው፣ ንብርብሩ ከተላቀቀ ወይም ከተጠማዘዘ ተዉት። ለአሮጌ ቀስት የማይለጠጠውን ዘመናዊ ጅማት አታድርጉለት፤ ዳክሮን ይሁን። ያለ ፍላጻ ስባችሁ በባዶ አትልቀቁ፤ ኃይሉ መሄጃ አጥቶ ክንፉን ይሰብረዋል።

ሀገር ቤት ላላችሁ ደግሞ፤ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የትም የለም፤ ይህ ጽሑፍ ለዚያ አይደለም። «ያልታረደ ሥጋ ይበላል ወይ?» ለምትሉኝም፣ እኔ የፊዚክስ ሰው ነኝ፤ አባቶቻችሁን ጠይቁ።

የመጨረሻው የቤት ሥራ። 20 ያርድ ላይ የወረቀት ሳህን ስቀሉ። በየቀኑ ጠዋት፣ ሳትሟሟቁ፣ አንዲት ፍላጻ ብቻ ወርውሩና ውጤቱን ደብተር ላይ ጻፉ። አደን ላይ ሁለተኛ ዕድል ስለማይገኝ የሚቆጠረው ይቺ የመጀመሪያዋ ናት። ለአሥር ቀን አሥሩም ሳህኑን ካገኙ ተዘጋጅታችኋል። ሰባቱ ካገኙ፣ ከአሥር እንስሳ ሦስቱን ልታቆስሉ ነውና ቀስቱ ግድግዳ ላይ ይቆይ። ክፉ ቀን ቢመጣም እንስሳው የሚሰማው ሕመም ያው ነው።

ደብተሩን የጀመራችሁ ውጤታችሁን ላኩልኝ፤ እንደ ድሮው አርማለሁ።