ትናንሽ ታንኮችን ስለ መቀባት

ልጅ በቤት ውስጥ የሚጫወትበትን ነገር መመርመር የወላጅ ፋንታ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ የምንመረምረው ጨዋታው ድምፅ ሲያሰማ ወይም ዕቃ ሲሰብር ብቻ ነው፤ ዝም ብሎ የሚጫወተውን ልጅ ማንም አይጠይቀውም። እኔም የ14 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት በተመለሰ ቍጥር በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ቀጭን ብሩሽ ይዞ ሲያጐነብስ ባየሁ ጊዜ ሥዕል የሚማር መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ኋላ ቀርቤ ባይ ግን የሚቀባው ከአውራ ጣት የማይበልጥ የጦር ታንክ ሆኖ አገኘሁት።

ልጄ እንዳስረዳኝ የጨዋታው ሥርዓት እንዲህ ነው። ሁለት ተጫዋቾች በጠረጴዛ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ ጠረጴዛውም እንደ ሜዳ ተሰናድቶ ኮረብታ፥ ዛፍና ቤት ይደረግበታል። ታንኩ የሚሄደው ርቀት በመለኪያ ይለካል፤ ተኵሱ መምታቱ ወይም መሳቱ በዳይስ ይታወቃል፤ ክርክር ቢነሣ የሚፈርደው የደንቡ መጽሐፍ ነው። ታንኮቹም በመጠናቸው 1 ለ100፥ 1 ለ72፥ 1 ለ56 እየተባሉ ይለያሉ፤ ይኸውም እውነተኛው ታንክ ከትንሹ 100 ወይም 72 ወይም 56 እጅ ይረዝማል ማለት ነው።

ነገሩ የዛሬ ብልሃት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1824 ዓ.ም. ራይስቪትስ የተባለ የፕሩስያ መኰንን ለጦር መኰንኖች ማስተማሪያ የሚሆን የጦርነት ጨዋታ ደንብ አሳተመ። በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ «ትናንሽ ጦርነቶች» የተባለ መጽሐፍ አውጥቶ ጨዋታውን ወደ ቤተ ሰብ አቀረበው። ይህ ሰው በ1903 ባወጣው አንድ ታሪክ በብረት የተሸፈነና በምድር ላይ እየሄደ የሚዋጋ ግዙፍ መኪና አስቀድሞ አስቦ ነበር። በጨዋታው መጽሐፍም ትንሹን ጦርነት የተጫወተ ሰው ትልቁ ጦርነት ምን ያህል ስሕተት የሞላበት ነገር መሆኑን እንደሚረዳ አሳሰበ። ነገር ግን መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ የአውሮፓ ጦርነት ተነሣ፤ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1916ም እንግሊዞች በፈረንሳይ አገር በሶም ግንባር የመጀመሪያዎቹን ታንኮች አሰለፉ። ጨዋታው ጦርነትን አላስቀረም። ታዲያ ምን ይጠቅማል? ይህን መጠየቅ የወላጅ ፈንታ ነው።

እኔ በመጀመሪያ ልከለክለው ቈርጬ ነበር፤ ሰው የሞተበት ነገር የልጅ መጫወቻ መሆኑ አልተዋጠልኝምና። ሐሳቤን ያስለወጡኝ እናቴ ናቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታችን መጥተው ቡና እስኪፈላ ድረስ ከልጁ አጠገብ ተቀመጡ። በእጁ ላይ የነበረው በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን ስትወር ያመጣችው ሲ.ቪ. 33 የተባለ ትንሽ ታንክ ነበር። እንደ ቄጠማ አረንጓዴ ቀብቶት እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል።

«ይህ ምንድን ነው ልጄ?» አሉት።

«የኢጣልያ ታንክ ነው፥ አያቴ።»

መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት አገላብጠው አዩት። «ሰዎቹስ ወዴት አሉ?»

«በውስጡ ናቸው፥ አያቴ፤ ክዳኑ ስለ ተዘጋ አይታዩም።»

«አባቴ ግን አይቷቸዋል» አሉና ታንኩን በቀስታ በጠረጴዛው ላይ መለሱለት።

የእናቴ አባት ከጐጃም ከልዑል ራስ እምሩ ሠራዊት ጋራ ዘምተው ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በሽሬ በደምበጉና ማለፊያ ነበሩ። በዚያ ቀን እነዚህ ታንኮች በጠባቡ መንገድ ላይ ተከበቡ። ሲ.ቪ. 33 ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፥ ክብደቱ ከ3 ቶን ጥቂት የሚበልጥ፥ ከፍታውም 1 ሜትር ከ28 ሳንቲሜትር የሆነ ነው፤ ስለዚህ የቆመ ሰው በላዩ አሻግሮ ያያል። የሚዞር ማማ የለውም፤ መትረየሶቹ ወደ ፊት ብቻ የተተከሉ ስለ ሆኑ ከጐንና ከኋላ የሚመጣበትን ሰው ሊመታ አይችልም። የእኛ ሰዎችም ይህን አስተውለው በዚያው በኩል ቀረቡት። አያቴ ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ ስለ ድሉ ጥቂት ተናግረው ዝም ይሉ እንደ ነበር እናቴ ነገሩን። በብረቱ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ልጆች እግሮች ናቸው ብለው ነበር አሉ፤ የአንዱ ጢም ገና አላቀነቀነም ነበር ብለዋል።

ልጄ በዚያ ማታ አልተጫወተም። በማግሥቱ ግን «አባቴ፥ እውነተኛው ቀለሙ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ አላውቅም፤ እርሱም አላወቀም። ያረጀ ፎቶግራፍ ብንፈልግ ጥቍርና ነጭ ሆኖ ቀለሙን አይመሰክርም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተገለጸልኝ። የእኔ ሥራ የምስክርን ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መጻፍ ነው። ታንክን በትክክል መቀባትም ከዚህ ሥራ የራቀ አይደለም፤ እውነቱን የፈለገ ልጅ መጠየቅ፥ ማንበብና ማመዛዘን ይገደዳልና።

የታንክ ቀለም ብዙ ነገር ይናገራል። የጀርመን ታንኮች እስከ 1943 መጀመሪያ ድረስ በብዛት ጥቍር ግራጫ ነበሩ፤ ከዚያ ዓመት ከፌብሩዋሪ ወር ጀምሮ መሠረቱ ጠቈር ያለ ብጫ እንዲሆን ታዘዘ፤ በላዩ የሚረጨው አረንጓዴና ቀይ ቡና ዓይነት ቀለም ለወታደሮቹ ተሰጣቸው። እነርሱም በውሃ ወይም በቤንዚን አቅጥነው እንደሚመቻቸው ስለ ቀቡት ሁለት ታንኮች አንድ ዓይነት ሆነው አይገኙም። የሶቪየት ታንኮች አረንጓዴ ነበሩ፤ በክረምት ግን ከበረዶው ጋራ እንዲመሳሰሉ ነጭ ይለቀለቁ ነበር፤ ነጩም እየታጠበ ሲሄድ አረንጓዴው በቦታ በቦታ ብቅ ይላል።

በማማው ላይ የሚጻፈው ቃልም እንዲሁ ነው። ማሪያ ኦክትያብርስካያ የተባለች የሶቪየት ሴት ባሏ በ1941 በጦርነት ሞተባት። ያላትን ንብረት ሸጣ ለአንድ ቲ-34 ታንክ መግዣ ገንዘብ ሰጠች፤ ታንኩንም ራሷ እንድትነዳው ለምና ተፈቀደላት። በማማው ላይ «የጦር ጓደኛ» የሚል ስም ተጻፈበት። በ1944 መጀመሪያ የታንኳን ሰንሰለት ለመጠገን በወረደች ጊዜ ቈስላ ማርች 15 ቀን ሞተች። ይህን ታሪክ ሳያውቅ ያንን ስም በትንሽ ታንክ ላይ የሚጽፍ ልጅ ፊደል ብቻ ገለበጠ፤ አውቆ የሚጽፍ ግን የሰው መታሰቢያ ጻፈ።

እንግዲህ ልጆቻቸው ይህን ሥራ ለጀመሩ ወላጆች እኛ በቤታችን የምንሠራበትን ሥርዓት ከዚህ በታች ገልጫለሁ።

1ኛ፤ ታንኩ ከመገጣጠሙ በፊት በሳሙናና በለብታ ውሃ ይታጠብ፤ ከፋብሪካ የወጣ ቅባት ካለበት ቀለም አይዝለትም። ትርፉ በትንሽ ቢላዋ ሲቈረጥ ስለቱ ከእጅ ወደ ውጭ ይሁን።

2ኛ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የመሠረት ቀለም በስሱ ይቀባል። የሚረጭ ከሆነ ከቤት ውጭ ይረጭ፤ ሽታው ለሳንባ ደግ አይደለም።

3ኛ፤ ዋናው ቀለም በውሃ ቀጥኖ ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ የፊተኛው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይጨመር። አንድ ጊዜ በወፍራሙ የተቀባ እንደ ሆነ ትናንሾቹ ብሎኖች ሁሉ ይደፈናሉ።

4ኛ፤ እጅግ የቀጠነ ጠቈር ያለ ቀለም በላዩ ሲፈስስ በስንጥቁና በማዕዘኑ ገብቶ ጥላ ይሆናል። ከደረቀ በኋላ ነጣ ያለ ቀለም በብሩሽ ተነክሮ በጨርቅ እስኪደርቅ ይጠረግና ጠርዙን ብቻ ዳሰስ ያደርጉበታል፤ ብርሃን ያረፈበት ይመስላል።

5ኛ፤ ጭቃና ዝገት በመጨረሻ ይመጣሉ። ጭቃው በሰንሰለቱና በታችኛው ክፍል፥ መላጣው ደግሞ ወታደሮች በሚረግጡበትና በሚወጡበት ቦታ ይሁን። ያልቈሸሸ ታንክ ዘመቻ ያልወጣ ታንክ ነው፤ በሁሉም ቦታ የቈሸሸ ግን ሠዓሊው ሳያስብ የቀባው ነው። በላዩ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ተቀብቶ ይፈጸማል።

6ኛ፤ ልጅ የብሩሹን ጫፍ በምላሱ አያሹል። ያረጁ የብረት አሻንጉሊቶች ብዙዎቹ እርሳስ የተቀላቀለባቸው ስለ ሆኑ የነካቸው ሰው ከመብላቱ በፊት እጁን ይታጠብ፤ ሕፃናትም እንዳያገኙአቸው ይቀመጡ።

ልጄን አልከለከልሁትም፤ ነገር ግን በአንድ ውል ፈቀድሁለት። ለእያንዳንዱ ታንክ በደብተሩ አንድ ገጽ ይጽፋል፤ የት ተዋጋ፥ በምን ዘመን፥ ስንት ሰው ይይዝ ነበር፥ ፊት ለፊቱስ ማን ቆሞ ነበር? ገጹ ሳይጻፍ ታንኩ ወደ ጠረጴዛ አይወጣም። የዚያን የሲ.ቪ. 33 አረንጓዴ ቀለም አስለቅቆ እንደ ገና እየቀባው ነው። ክዳኑን ከፍቶ ከውስጥ አንድ ራስ አስገባበት፤ በአጠገቡም ነጭ ለባሽ ዘማች አቆመ። በ1 ለ56 መጠን ታንኩ 2 ሳንቲሜትር ከ3 ሚሊሜትር ሲሆን ዘማቹ 3 ሳንቲሜትር ስለ ሆነ በእውነትም ሰውየው ከብረቱ ይበልጣል።

በደብተሩ ላይ ግን አንድ ያልተቀባ ነገር ጻፈ። በዚያው በታኅሣሥ ወር በተከዜ ወንዝ አጠገብ በልዑል ራስ እምሩ ሠራዊት ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ወረደ። «አባቴ፥ ይህንን በጠረጴዛው ላይ እንዴት አደርገዋለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አታደርገውም፤ ጻፈው ብቻ» አልሁት። እርሱም ጻፈ፤ እናቴ በመጡ ጊዜም አነበበላቸው።