«ቼክ ፈራሚ» ለሚሉ፦ ስለ ኢሊኖይ ኮምፕትሮለርነት የቀረበ ምላሽ

የአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት ኮምፕትሮለር፣ ማለትም የግዛቱን ክፍያዎች የሚያወጣው ተመራጭ ሹም፣ ሥራው በተነሣ ቁጥር ተንታኞች የሚደጋግሙት ሐሳብ አለ። ሹሙ ቼክ ፈራሚ ነው፤ ግብር የሚጥለውም በጀት የሚመድበውም ሌላ አካል ስለሆነ ማንም ቢመረጥ ለውጥ የለውም፤ ቢሮው ከገንዘብ ያዡ ጋር ቢዋሐድ ወጪ ይቆጠባል ይላሉ። የኮምፕትሮለር ሱሳና ሜንዶዛ የሥራ ዘመን ይህን አባባል ያፈርሰዋል ባይ ነኝ።

ሜንዶዛ ከ2001 (እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር) ጀምሮ ለአሥር ዓመት የግዛቱ ምክር ቤት አባል ነበሩ። በ2011 የቺካጎ ከተማ ክለርክ ሆኑ፤ በኅዳር 2016 በማሟያ ምርጫ ኮምፕትሮለርነቱን አሸነፉ። የተረከቡት ባዶ ካዝና ነበር። ግዛቱ ከሐምሌ 2015 እስከ ሐምሌ 2017 ሙሉ በጀት አልነበረውም፤ ያልተከፈለው ውዝፍ በ2017 ከ16 ቢሊዮን ዶላር አለፈ፤ በዘገየው ክፍያ ላይ የታሰበው የቅጣት ወለድ ብቻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ገንዘቡ ለሁሉም በማይበቃበት ጊዜ የማን ክፍያ ዛሬ ይውጣ፣ የማን ይቆይ ብሎ መወሰን ሥልጣን ነው። የቦንድ ዕዳና ፍርድ ቤት ያዘዛቸው ክፍያዎች ቅድሚያ አላቸው፤ በቀረው ግን ሹሙ ይመርጣል። ሜንዶዛ የአረጋውያን መጦሪያዎችንና ሊድኑ የማይችሉ ሕሙማን የሚታገዙባቸውን ተቋማት አስቀደሙ። ነገሩ የፓርቲ ጉዳይም አልነበረም። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሪፐብሊካኗ ሌስሊ መንገር በ2016 የሕግ አውጪዎቹ ደመወዝ እንደማንኛውም ውዝፍ ክፍያ ተራውን እንዲጠብቅ አድርገው ነበር፤ ዴሞክራቷ ሜንዶዛም ያንኑ ቀጠሉ። በመጋቢት 2017 ፍርድ ቤት ደመወዙ እንዲከፈል አዘዘ። የሚገደብ ሥልጣን ባይኖር ኖሮ ዳኛው ምን ይገድቡ ነበር?

ከሁሉ ይልቅ የሚበልጥብኝ የዕዳ ግልጽነት ሕጉ ነው። ቀድሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በእጃቸው ያቆዩትን የክፍያ ጥያቄ ለኮምፕትሮለሩ የሚያሳውቁት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለነበር፣ ግዛቱ የዕዳውን ልክ ሳያውቅ ወራት ያልፉ ነበር። ሜንዶዛ ሪፖርቱ በየወሩ እንዲቀርብ የሚያስገድድ ሕግ አስረቀቁ። አገረ ገዥው ብሩስ ራውነር አልፈርምም ብለው መለሱት፤ ምክር ቤቱ ግን በ2017 ተቃውሟቸውን ሽሮ አጸደቀው።

ተቃራኒዎቹ እውነት የያዙበት ቦታ አለ። ውዝፉን በአንድ ጊዜ ያቃለለው በ2017 የተሸጠው የ6 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ነው፤ እሱን የፈቀዱት ሕግ አውጪዎቹ ናቸው። ሜንዶዛም በኅዳር 2018 ዳግም በተመረጡ በቀናት ውስጥ ለቺካጎ ከንቲባነት መወዳደራቸው ቢሮውን መሸጋገሪያ አድርገዋል ለሚሉት የመከራከሪያ ነጥብ ሰጥቷቸዋል። ይህ ግን የሹሟን ምኞት ያሳያል እንጂ የቢሮውን ባዶነት አያሳይም። ውሕደቱን የሚደግፉ ወገኖች የሚቆጠበውን ወጪ ከመቁጠራቸው በፊት፣ ካዝናው በጎደለ ቀን የክፍያውን ተራ ማን እንደሚያወጣና በየትኛው ሕግ እንደሚጠየቅ ሊነግሩን ይገባል።