ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ፍቅርና ሣቅ የተቀላቀለበትን ፊልም ማየት ጊዜን በከንቱ ማሳለፍ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይልቁንም ተመልካቹ ተማሪ ሲሆን ነገሩ እንደ ነውር ይቈጠርበታል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ስለ ዕዳ የሚያስቅ ጨዋታ ስለ ዕዳ ከሚቈጣ ምክር ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም በአጭሩ ለአንባቢዎች እገልጣለሁ።

ለዚህ አሳብ ያነሣሣኝ «የሸመታ ሱሰኛዋ ኑዛዜ» ልንለው የምንችል አንድ የአሜሪካ ፊልም ነው። ፊልሙ ሶፊ ኪንሴላ ከተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ ልብ ወለድ ተወስዶ፣ በፒ. ጄ. ሆጋን አዘጋጅነት በ2001 ዓ.ም. የወጣ ነው። አይላ ፊሸር ሬቤካን ሆና ትጫወታለች። ሬቤካ በኒውዮርክ የምትኖር ወጣት ስትሆን፣ በሱቅ መስኮት ያየችው ልብስ ሁሉ ስሟን የሚጠራት ይመስላታል። በእጇ ገንዘብ ስለሌለ በብድር ካርድ ትገዛለች። ካርዱን እንዳትነካው ብላ በበረዶ ውስጥ ትቀብረዋለች፤ ዳሩ ግን በረዶውን መልሳ የምትሰብረው ራሷ ናት። ከሁሉ የሚያስቀው፣ ይህች በዕዳ የተዋጠች ልጅ የተቀጠረችው ስለ ቁጠባ ምክር በሚሰጥ መጽሔት መሆኑ ነው። ለሌላው «ቈጥቡ» እያለች ትጽፋለች፤ ራሷ ግን ከዕዳ አስከፋይ ትሸሸጋለች።

ፊልሙ የወጣበት ወራት ብዙ ሕዝብ በዓለም የገንዘብ ቀውስ የተጨነቀበት ስለ ነበር፣ አለጊዜው የመጣ ቀልድ ነው ያሉ ተቺዎች ነበሩ። እኔ ግን ጊዜው ያ ነበር እላለሁ። ሬቤካን የጐዳት መግዛቷ ብቻ አይደለም፤ መደበቋም ነው እንጂ። ዕዳ አስከፋዩን ለወዳጆቿ ሌላ ሰው አድርጋ ታወራለች፤ አንዱ ውሸት ሌላውን ይወልዳል፤ እውነተኛው ወለድም ይህ ነው። ምስጢሯ በቴሌቪዥን ከተገለጠ በኋላ ግን አባቷ ንብረቱን ሸጦ ሊከፍልላት ሲል እንቢ ብላ፣ ልብሶቿን በሐራጅ ሸጣ ዕዳዋን ትከፍላለች።

«የኒውዮርክ ሱቅ ለጉንደ ወይን ምኑ ነው?» የሚል ቢኖር፣ በእኛ ዘንድ በልብሱ ፈንታ ድግስ አለ ብዬ እመልሳለሁ። «እከሌ ልጁን እንደ ድኻ ዳረ»፣ «የአባቱን ተዝካር ሳያወጣ ቀረ» እንዳይባል ሲባል ሰንጋ ይጣላል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ አረቄ ይወጣል። ይህ ሁሉ ከራስ ጎተራ ሲሆን መልካም ነው። ነገር ግን በብድር የሚደግስ አለ፤ ብድሩንም ለመክፈል በሬውን የሚሸጥ፣ እርሻውን በወለድ አገድ የሚሰጥ አለ። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው። በዚህስ የእኛ ከሬቤካ ይብሳል፤ ልብስ ለሐራጅ ይወጣል፤ የተበላ ሥጋና የተጠጣ ጠላ ግን አይወጣም።

ሕጉ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተበዳሪና አበዳሪ በዓመት ከመቶ 12 የሚበልጥ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 712 አራጣ አበዳሪን ይቀጣል። ይሁን እንጂ ተበዳሪው በይሉኝታ ታስሮ ዕዳውን ከጎረቤቱ ከደበቀ፣ ለዳኛ እንዴት ይናገራል?

ዛሬ ደግሞ ብድር በእጅ ስልክ መጥቷል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በ2014 ዓ.ም. የብድር አገልግሎት ጨምሯል። ከነዚህም አንዱ፣ ለዕቃ መግዣ ሒሳብ ሲጐድል የሚሞላው፣ «እንደኪሴ» ይባላል። ለቸገረው ሰው መልካም እርዳታ ነው። ነገር ግን የተበደርነውን እንደ ኪሳችን ማየት ከጀመርን፣ የሬቤካ ካርድ በእኛም እጅ ገብቷል ማለት ነው።

ብድርን ሁሉ አልነቅፍም፤ ለማዳበሪያና ለዘር የተበደረ ገበሬ ምርት ይሰበስብበታል። ድግስም ዘመድን የሚያገናኝ ነውና ይቅር አልልም። የምለው፣ በዕዳ የተጨነቀውን ሰው ብንቈጣው ይበልጥ ይሸሸጋል፤ እንደ ሬቤካ ባለ በምንወዳት ልጅ ላይ ብንሥቅ ግን፣ የራሱን ነገር ሳያፍር ለመናገር በር ይከፈትለታል ነው።

ይህም ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን በጻፉ ጊዜ፣ ስለ ጠለፋና ስለ ዘር ልዩነት የሚያከራክረውን ነገር በሣቅ አድርገው ለሕዝብ አቅርበዋል። እንግዲህ ቴአትር የምትወዱ ጓደኞቼ ሆይ፣ ለመጪው የወላጆች በዓል ስለ ዕዳና ስለ ሠርግ አንድ አስቂኝ ጨዋታ እንድትጽፉ አደራ እላለሁ። ሙሽሪትና ሙሽራው ይዋደዱ፤ ድንኳኑም ይተከል፤ ነገር ግን የሰንጋው ዋጋ ከማን እንደ ተበደረ ከድግሱ በፊት በግልጥ ይነገር።