በሰው ስም የተጀመረ ሥራ

«የጸደቀ የአፕወርክ አካውንት አለ፤ ለሽያጭም ለኪራይም።» ሥራ ፈላጊዎች በሚሰባሰቡባቸው የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ማየት የተለመደ ሆኗል። ከሥሩ «ስንት ነው?»፣ «በውስጥ አናግረኝ» የሚሉ መልሶች ይደረደራሉ። ጠያቂዎቹ ሰነፎች አይደሉም፤ አጭበርባሪዎችም አይደሉም። አብዛኞቹ ዲግሪያቸውን ይዘው ቤተሰብ ጋር የተቀመጡ፣ ላፕቶፕ በስንት ልመና ያገኙ፣ «ኦንላይን ዶላር ይሠራል» ሲባል የሰሙ ወጣቶች ናቸው። እኔ በትርጉም ሥራ ከእነዚህ ገበያዎች ለዓመታት እንጀራ ስበላ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጀማሪዎች ከሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይኸው የኪራይ ነገር ነው።

ገበያውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። አፕወርክና ፋይቨር ደንበኛና ሠራተኛ በኢንተርኔት የሚገናኙባቸው ድርጅቶች ናቸው። አፕወርክ ኢላንስ እና ኦዴስክ የሚባሉ ሁለት ድርጅቶች ከተዋሐዱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የአሁኑን ስሙን ያገኘ ነው። ፋይቨር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 እስራኤል ውስጥ ተጀመረ፤ ስሙም ያኔ አንድ አገልግሎት በ5 ዶላር ይሸጥ ከነበረበት የመጣ ነው። አፕወርክ ላይ በአብዛኛው ደንበኛው ሥራውን ይለጥፋል፣ ሠራተኛው ያመለክታል። ፋይቨር ላይ ሠራተኛው የሚሰጠውን አገልግሎት ከነዋጋው ያስቀምጣል፣ ደንበኛው አይቶ ይገዛል። በሁለቱም ቦታ አሠሪና ሠራተኛ በአካል ተያይተው አያውቁም። ደንበኛው የማያውቀውን ሰው አምኖ ገንዘብ የሚያስይዘው፣ ከእሱ በፊት ያሠሩ ሰዎች የጻፉትን ምስክርነት አይቶ ነው። አንድ ፍሪላንሰር ከዓመት ዓመት የሚያጠራቅመው ሀብት ቢኖር ያ ምስክርነት ነው፤ የሚጻፈው ደግሞ በአካውንቱ ባለቤት ስም ነው።

የኪራዩ ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነው። ተከራዩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል፤ «ግሩም ሠራተኛ ነው» የሚለው ምስክርነት የሚጻፈው ለአከራዩ ነው። ክፍያው የሚገባው አከራዩ ባስመዘገበው ሒሳብ ነው፤ ተከራዩ ድርሻውን በቃል ስምምነት ይጠብቃል፤ አከራዩ ስልኩን ቢዘጋ የሚከሰስበት ወረቀት የለም። ከዚያ አንድ ቀን ድርጅቱ የማንነት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ መታወቂያ አምጣ፣ ፊትህን በካሜራ አሳይ ይላል። በመታወቂያው ላይ ያለው ሰው ሌላ ነው። አካውንቱ ይዘጋል፤ በውስጡ ያለው ገንዘብም፣ ያለቀው ሥራም፣ የተገኘው ደንበኛም እዚያው ይቀራል። አከራዩም ቢሆን አይተርፍም። ደንቡ ለአንድ ሰው አንድ አካውንት ስለሚል፣ በማጭበርበር የታገደ ሰው በራሱ ስም ተመልሶ መግባት ይከብደዋል።

የኪራዩ ገበያ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አፕወርክ ሠራተኛ በበዛባቸው ዘርፎች የአዲስ አመልካቾችን ፕሮፋይል «አሁን አንቀበልም» እያለ የመለሰባቸው ጊዜያት ነበሩ። በዚያ የተገፋ ልጅ የጸደቀ አካውንት እንደ ብርቅ ቢያይ አይፈረድበትም። ሆኖም ፕሮፋይሉ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ሁሉን እችላለሁ ስለሚል ነው። ዳታ ኢንትሪ፣ ግራፊክስ፣ ትርጉም፣ ድረ ገጽ ሥራ፣ ማርኬቲንግ፤ ሁሉም አንድ ላይ ተጽፎ ይገኛል። አንዱን ብቻ መርጦ፣ በዚያ የሠራውን ናሙና አያይዞ እንደገና ያመለከተ ሰው የመቀበል ዕድሉ ይሰፋል። ይህ ጥቂት ሳምንት ቢወስድ ይውሰድ፤ ከኪራዩ ይሻላል።

«የራሴን ከፍቼም ሥራ አላገኘሁ» ለሚለው መልስ መስጠት አለብኝ። በሰፈራችን በአካውንቲንግ የተመረቀች አንዲት ልጅ አለች። «ጋሼ፣ ያላመለከትኩበት ቦታ የለም፤ አንድ እንኳ የመለሰልኝ የለም» ብላ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። የላከቻቸውን ፕሮፖዛሎች አንድ ባንድ ከፈትናቸው። ሁሉም የሚጀምሩት «የተከበሩ ቀጣሪ፣ እኔ ትጉህ፣ ታማኝና ጊዜ አክባሪ ባለሙያ ነኝ» በሚል ነው። ቀጥሎ ዲግሪዋ፣ ቀጥሎ የምትችላቸው ፕሮግራሞች፣ መጨረሻ ላይ «ዕድሉን ቢሰጡኝ» ይላል። ለአማርኛ ድምፅ ግልበጣም፣ ለኤክሴል ሥራም የሄደው ያው ጽሑፍ ነው።

ደንበኛው የአመልካቾችን ዝርዝር ሲከፍት ከእያንዳንዱ ፕሮፖዛል የሚታየው መጀመሪያ ያሉት ሁለት መስመሮች ናቸው። «ትጉህና ታማኝ» የሚለው ከላይም ከታችም ተደርድሯል። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከመጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ብሷል፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ያማረ እንግሊዝኛ ስለሚጽፍ ማን ማን እንደሆነ አይለይም።

ከልጅቷ ጋር ሆነን ደንበኞች ከለጠፏቸው ሥራዎች አንዱን መረጥን። ለአንድ ጥናት የተቀዳ የአማርኛ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ ሰው ይፈልጋሉ፤ የሦስት ደቂቃ ናሙናም አያይዘዋል። «ድምፁን ሰምተሽዋል?» አልኳት። አልሰማችውም ነበር። አብረን ሰማነው። አንዲት እናት ስለ ልጇ ሕመም ትናገራለች፤ ጠያቂው መሀል ላይ ይገባባታል፤ ከጀርባ ዶሮ ይጮኻል፤ አንድ ቦታ ላይ ሁለቱም አብረው ስለሚናገሩ አይለይም። ፕሮፖዛሉን እንደ አዲስ ጻፈችው። መጀመሪያው መስመር ላይ ናሙናውን እንደሰማች፣ ሁለቱ ድምፆች የሚደራረቡበትን ደቂቃ ጠቅሳ፣ የማይሰማውን ቦታ ገምታ ከመሙላት ይልቅ የሰዓት ምልክት አድርጋ እንደምትልክ ነገረቻቸው። ቀጥላ የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ገልብጣ አያያዘች። በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ «እህ»፣ «ማለቴ» የሚሉት የንግግር መሙያዎች ይግቡ ወይስ ይቅሩ? ዲግሪዋን አልጠቀሰችም። መልሱ በማግሥቱ መጣ፤ ደንበኛው መልሱን የጀመረው ከጥያቄዋ ነበር። ሥራውን አገኘች፤ ሲያልቅም ሁለት መስመር ምስክርነት ጻፉላት። ያ ሁለት መስመር በራሷ ስም ነው።

ዋጋ ላይ ግን ተከራከርን። ጀማሪ ስለሆንኩ ርካሽ መሆን አለብኝ ብላ አስባ ነበር። አስልተን አየነው። የአንድ ሰዓት ድምፅ ጥራቱ መካከለኛ ከሆነ፣ በአማርኛ ለመገልበጥና አንዴ መልሶ ለማረም ለጀማሪ ሰባት ሰዓት ይፈጃል። 30 ዶላር ብትጠይቅና ድርጅቱ 10 በመቶ ቢቆርጥ የሚቀራት 27 ነው፤ በሰዓት ከ4 ዶላር በታች። (አፕወርክ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ የሚቆርጠው እንደ ሥራው ከ0 እስከ 15 በመቶ ነው፤ ፋይቨር 20 በመቶ ይወስዳል።) ለማመልከት የሚወጣውም ሌላ ወጪ ነው። አፕወርክ ላይ ለማመልከት ኮኔክት የሚባል ነጥብ ያስፈልጋል፤ አንዱ ኮኔክት በ15 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጣል፣ አንድ ማመልከቻም ብዙ ኮኔክት ሊበላ ይችላል። ለአዲስ ተመዝጋቢ ጥቂት ይሰጠዋል፤ ያ ሲያልቅ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የሌለው ልጅ ይቸገራል። ስለዚህ ኮኔክቱን ባገኙት ሁሉ ላይ መበተን ራስን መጉዳት ነው። ናሙናውን ሰምተው፣ ፋይሉን ከፍተው፣ «ይህን በደንብ እሠራዋለሁ» ባሉት ላይ ብቻ ያመልክቱ። ዋጋም ሲጠይቁ የሚፈጀውን ሰዓት ቆጥረው ይጠይቁ። በርካሽ የጀመረን ሰው ደንበኛው በርካሽነቱ ነው የሚያስታውሰው።

ስለ ክፍያ ብዙ አልልም፤ መንገዱ አለ። ፔይፓል ኢትዮጵያ ውስጥ ገንዘብ መቀበያ ሆኖ አያገለግልም፤ አብዛኛው ሰው ፔዮኒር በተባለ የክፍያ አገልግሎት በኩል ወደ ባንክ ሒሳቡ ያስገባል። በሁሉም ቦታ ያለው ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት፤ ፓስፖርቱ ላይ፣ ፕሮፋይሉ ላይ፣ ባንኩ ላይ። የአያት ስም አንዱ ጋ ተጽፎ ሌላው ጋ በመቅረቱ ብቻ ገንዘቡ ሳምንታት የቆየበት ሰው አውቃለሁ። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ፣ በጥቁር ገበያ ከዚያ እጥፍ ስለነበር ሰው ገንዘቡን በዘመድ በኩል ያዞር ነበር። የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የባንኩ ምንዛሪ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል፤ በሕጋዊ መንገድ ማስገባትም እንደ ቀድሞው ኪሳራ አይደለም።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ደግሞ «ከዚህ ወጥተን በቴሌግራም እናውራ» ከሚል ደንበኛ ነው። አፕወርክ ላይ በቁርጥ ዋጋ ለሚሠራ ሥራ ደንበኛው ገንዘቡን አስቀድሞ ያስይዛል፤ ሥራው ገብቶ ዝም ቢል እንኳ ከ14 ቀን በኋላ ለሠራተኛው ይለቀቃል። ከድርጅቱ ውጭ የሠራ ሰው ይህ ጥበቃ የለውም። መመዝገቢያ ክፈል፣ የሥልጠና መያዣ አስገባ የሚልም ካለ ወዲያው ተሰናበቱት። ሥራ ሰጪ ለሠራተኛ ይከፍላል እንጂ አይቀበልም። ነጻ ሙከራ ተብሎ አሥር ገጽ ሲሰጣችሁም ተጠራጠሩ፤ መጽሐፉን ለአመልካቾች ቆራርጦ በነጻ የሚያስተረጉም አለ። አንድ አንቀጽ ለናሙና ይበቃል።

እኛ ልናስተካክለው የማንችለው ነገርም አለ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በሰኔ 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተዘግቶ ሲቆይ፣ የማስረከቢያ ቀን የነበራቸው ልጆች ለደንበኛቸው «ይቅርታ» የሚሉበት መንገድ እንኳ አልነበራቸውም። ደንበኛው የሚያውቀው ሠራተኛው መጥፋቱን ነው፤ ምስክርነቱንም በዚያው ልክ ይጽፋል። ከተሜው ቢያንስ መብራት ሲሄድ ካፌ ይሄዳል፤ ያኔ ግን የሚኬድበት አልነበረም። መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጋር ሆኖ 5 ሚሊዮን ኮደሮችን ለማሠልጠን በ2016 ሲነሳ ተደስቼ ነበር፤ አሁንም ሥልጠናውን እደግፋለሁ። ሠልጣኙ ግን ሰርተፊኬቱን ይዞ የሚሸጠው ሥራ በኢንተርኔት ነው የሚሄደው። መስመሩ የሚዘጋ ከሆነ የሠለጠነውም ያልሠለጠነውም እኩል ነው። ይህን የሚወስኑ ሰዎች የአንድ ሳምንት መዘጋት የስንት ወጣት ስም እንደሚያበላሽ ቢያስቡበት እላለሁ።

የመጨረሻው ቃሌ በዚህ ሥራ ለቆያችሁና ጥሩ ምስክርነት ለሰበሰባችሁ ነው። አካውንታችሁን ለማንም አታከራዩ፣ ለማንም አትሽጡ። ሰው «አከራየኝ» ብሎ ሲመጣባችሁ የራሱን እንዲከፍት ንገሩት፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ሰጥታችሁ ፕሮፖዛሉን አንብቡለት፣ ናሙናውን አብራችሁት አድምጡ፣ ስሙ ከባንኩ ጋር መግጠሙን አረጋግጡለት። የተረፈ ሥራ ካላችሁም በራሱ አካውንት እንዲያመለክት ለደንበኛችሁ ጠቁሙት።